«የክረምት ጎማ» ለእኛ ክረምት ነውን? በከሚሴና በአካባቢው መንገዶች ለሚጓዙ ተሽከርካሪዎች የጎማና የቸርኬ አመራረጥ

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ የምትገኘው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢት፣ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል ወደ ሰሜን በሚዘልቀው ዋና መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ያላት ርቀት 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መንገድ የጭነት መኪና፣ የሕዝብ ማመላለሻ፣ ባጃጅ እና የቤት አውቶሞቢል ቀንና ሌሊት ይመላለሳሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ፈጣን የስፖርት መኪናዎች እና በኤሌክትሪክ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ቁጥራቸው እየጨመረ መጥቷል።

የእነዚህ ሁሉ ተሽከርካሪዎች ክብደት፣ ፍጥነትና ፍሬን በመጨረሻ የሚያርፈው ከመንገዱ ጋር በሚገናኙት የጎማ ክፍሎች ላይ ነው። በአንድ የቤት አውቶሞቢል ላይ እያንዳንዱ ጎማ አስፋልቱን የሚነካበት ስፋት ከአንድ ሰው መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ሆኖም ጎማ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚታየው ዋጋው፣ መልኩ ወይም «ለክረምት ነው» እየተባለ የሚሰጠው ስም ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አሽከርካሪዎችና ባለንብረቶች ለበጋውም ሆነ ለክረምቱ ተስማሚ የሆነ ጎማና ቸርኬ እንዴት መምረጥ እንደሚችሉ ማስገንዘብ ነው።

ስያሜው ያስከተለው ስሕተት

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ጎማዎች በሁለት ዋና ዋና ወቅቶች ተከፍለው ይሸጣሉ። እነዚህ ስያሜዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ «የበጋ ጎማ» እና «የክረምት ጎማ» ይባላሉ። ትርጉሙ በመዝገበ ቃላት ረገድ ስሕተት ባይኖርበትም በመንገድ ላይ ግን ያሳስታል።

በኢትዮጵያ ክረምት ማለት ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ መስከረም አጋማሽ የሚዘልቅ የዝናብ ወቅት ነው። በአውሮፓ ግን የብርድና የበረዶ ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ናቸው፤ እነዚህ ወራት ለእኛ በአብዛኛው በጋ ናቸው። በአንጻሩ የአውሮፓ በጋ የሚባሉት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ የእኛ ክረምት ናቸው። በመሆኑም አውሮፓውያን «የክረምት» የሚሉት ጎማ የተሠራው ለዝናብ ሳይሆን ለቅዝቃዜ ነው። «የበጋ» የሚሉት ጎማም ደረቅ መንገድን ብቻ ሳይሆን ሞቅ ባለ አየር የሚዘንበውን ዝናብ ጭምር ታሳቢ ያደረገ ነው።

ተመሳሳይ አሻሚነት «በረዶ» በሚለው ቃል ላይም ይታያል። በአማርኛ ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ድንጋይ መሰል በረዶም ሆነ በውጭ አገር መንገዱን የሚሸፍነውን ነጭ ብናኝ በአንድ ስም እንጠራለን። «የበረዶ ጎማ» ተብሎ የሚሸጠው ጎማ ግን የታሰበው ለሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ከውጭ አገር የሚኖር ዘመድ «ለክረምት የሚሆን» ብሎ የላከው ወይም በገበያ በዚሁ ስም የቀረበ ጎማ ለከሚሴ ሐምሌ ተስማሚ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም። ለመግባባት እንዲረዳ በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን «የብርድ ጎማ»፣ ሁለተኛውን ደግሞ «የሙቀት ጎማ» እንላቸዋለን።

የሁለቱ ጎማዎች ልዩነት

ልዩነቱ በዋናነት በላስቲኩ ቅመም ላይ ነው። ላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል። የብርድ ጎማ የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች በሚወርድበት ጊዜ እንኳ እንዳይደርቅ ሆኖ በለስላሳ ቅመም ይሠራል። በጥርሶቹ ላይ በረዶን የሚነክሱ በርካታ ቀጫጭን ስንጥቆችም አሉት። በጀርመን አገር መንገዱ በበረዶ ወይም በውርጭ በሚሸፈንበት ጊዜ ያለ ብርድ ጎማ ማሽከርከር በሕግ የተከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ጎማ በጋለ አስፋልት ላይ ሲውል ግን ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ለስላሳው ላስቲክ ይበልጥ ይለሰልሳል፤ ጥርሶቹ ከክብደት በታች ይተጣጠፋሉ፤ በዚህም የተነሣ መሪው ይዘገያል፣ ፍሬን ሲያዝ የመቆሚያው ርቀት ይረዝማል፣ ጎማውም በፍጥነት ያልቃል። በጥርሶቹ መተጣጠፍ የሚፈጠረው ተጨማሪ ሙቀትም በተለይ ንፋሱ በጎደለና ጭነት በበዛበት ጎማ ላይ የመፈንዳት አደጋን ያባብሳል።

የሙቀት ጎማ በበኩሉ በሞቃት አየር ቅርጹን ጠብቆ የሚቆይ ጠንከር ያለ ቅመም አለው። ውኃን ወደ ጎን የሚያስወጡ ሰፋፊ ቦዮችም በዙሪያው ተሠርተውለታል። በሁለቱ መካከል የሚገኘው «የአራት ወቅት» ጎማ ከሁለቱም ባሕርይ ጥቂት ጥቂት የያዘ ነው።

የመንገዳችን ጠባይ

ከደብረ ብርሃን እስከ ከሚሴ ያለው መንገድ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ በርካታ የአየር ጠባዮችን ያሳያል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ንጋት ላይ ውርጭ ይወርዳል። ቀጥሎ የሚመጣው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ዋሻ የሚገኘውም በዚሁ ስፍራ ነው። በክረምት ጭጋጉና ዝናቡ የአሽከርካሪውን እይታ በእጅጉ ይጋርዳል። ከዚያም መንገዱ በደብረ ሲና በኩል ተጠማዝዞ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። በዚህ ረዥም ቁልቁለት የፍሬን ሙቀት ወደ ቸርኬውና ወደ ጎማው ይተላለፋል።

ከሸዋ ሮቢት በኋላ መንገዱ በአጣዬና በሰንበቴ አድርጎ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ከሚሴ ይደርሳል። እዚህ ቀን ላይ የአስፋልቱ ሙቀት ከአየሩ ሙቀት በእጅጉ ይበልጣል፤ አየሩ 30 ዲግሪ በሚሆንበት ፀሐያማ ቀን የአስፋልቱ ገጽ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ በበጋ ሣርና ውኃ ስለማይጠፋበት ከአጎራባች የአፋር አካባቢዎች ጭምር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ አሽከርካሪው በሞቃቱ ወቅት በድንገት ፍሬን የመያዝ ግዴታ ያጋጥመዋል።

ሌላው ሊታወስ የሚገባው አካባቢው ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብም ያለው መሆኑ ነው። ከረዥም ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ካፊያ በአስፋልቱ ላይ የተጠራቀመውን አቧራና ዘይት አሟሽሾ መንገዱን እጅግ ያንሸራትተዋል። ጎማን ለዝናብ ማዘጋጀት የሰኔ ሥራ ብቻ ያልሆነውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ የትኛውን እንምረጥ?

ከላይ ከተገለጸው መረዳት እንደሚቻለው በዚህ መንገድ ላይ ለሚጓዝ ተሽከርካሪ ሙሉ የብርድ ጎማ አያስፈልገውም። የደብረ ብርሃን ውርጭ ለጥቂት የንጋት ሰዓታት የሚቆይ በመሆኑ መፍትሔው ፍጥነትን መቀነስና ፀሐይ እስክትወጣ መታገሥ እንጂ ቀሪውን ጉዞ ለአደጋ የሚያጋልጥ ጎማ መግጠም አይደለም።

ተስማሚው ምርጫ በእርጥብ መንገድ ላይ ጥሩ የመያዝ ብቃት ያለው የሙቀት ጎማ ነው። ዓመቱን ሙሉ በደጋማው አካባቢ የሚሠራ ተሽከርካሪ የአራት ወቅት ጎማ ቢጠቀምም ችግር የለውም። አንዱ ጎማ በጋውንም ክረምቱንም ሊሸከም ስለሚችል ሁለት ዓይነት ጎማ ለመግዛት የሚወጣውን ወጪ አንድ ጥራት ያለው ጎማ ለመግዛትና በወቅቱ ለመቀየር ማዋል ይሻላል።

የብርድ ጎማን ለመለየት በጎኑ ላይ ያለውን ምልክት መመልከት ያስፈልጋል። ሦስት ጫፍ ባለው የተራራ ሥዕል ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ከተሣለበት ጎማው ለበረዶ የተፈተነ ነው። አንዳንድ የአራት ወቅት ጎማዎችም ይህንኑ ምልክት ስለሚይዙ ሻጩን ዓይነቱን በግልጽ መጠየቅ ይገባል። «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉት የላቲን ፊደላት ብቻቸውን ከተጻፉ ግን ጭቃንና በረዶን የሚያመለክቱ የአምራቹ መግለጫዎች ናቸው። በብዙ የገጠር መንገድ ጎማዎች ላይም ስለሚገኙ በራሳቸው ሥጋት አይደሉም።

ቸርኬ፣ የስፖርት መኪና እና የኤሌክትሪክ መኪና

በወጣት ባለንብረቶች ዘንድ መኪናን በትልቅ ቸርኬና በቀጭን ጎማ ማስዋብ የተለመደ ሆኗል። ከመወሰን በፊት ግን ስሌቱን ማየት ይጠቅማል። 205/55 አር 16 የሚል ጎማ ስፋቱ 205 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 55 በመቶ ማለትም 113 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የቸርኬው ስፋት ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ 16 ኢንች ነው። ይህ መኪና ወደ 225/40 አር 18 ቢቀየር የጎማው አጠቃላይ ቁመት ከ632 ወደ 637 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል። የጎኑ ቁመት ግን ወደ 90 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በሌላ አነጋገር በጉድጓዱና በብረቱ መካከል ያለው መከላከያ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ቀንሷል።

ለስላሳ በሆነ ፈጣን መንገድ ላይ አጭር ጎን ያለው ጎማ መሪን ያፋጥናል። ጉድጓድ፣ ጠጠርና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በበዛበት መንገድ ግን ቸርኬው ይጣመማል፣ የጎማው ጎንም ያብጣል። በጎኑ ላይ እብጠት የታየበት ጎማ የውስጥ ክሩ የተበጠሰ ስለሆነ በጎሚስታ ሊጠገን አይችልም፤ ወዲያውኑ መወገድ አለበት። ጎማው በሰፋ ቁጥር በውኃ ላይ የመንሳፈፍ ዕድሉ እንደሚጨምርም መዘንጋት የለበትም። ጎማ ሲንሳፈፍ ከአስፋልቱ ስለሚለያይ መሪውም ፍሬኑም አይታዘዙም።

ስለዚህ የስፖርት መኪና ባለቤት የሚከተሉትን ቢያከብር ይመከራል።

1. የመኪናው አምራች ከፈቀዳቸው የቸርኬ መጠኖች መካከል አነስተኛውን መምረጥ። ሁለት ዓይነት ቸርኬ ማስቀመጥ የሚፈልግም ምርጫውን በወቅት ሳይሆን በመንገድ ዓይነት ይለየው፤ ሰፊውን ለፈጣን መንገድ፣ ጎኑ ረዘም ያለውን ለገጠርና ለክልል ጉዞ።

2. የአዲሱ ጎማ አጠቃላይ ቁመት ከፋብሪካው ጎማ ከ3 በመቶ በላይ እንዳይለይ ማድረግ። ከዚህ ካለፈ የፍጥነት መለኪያው ትክክለኛውን አያሳይም።

3. የቡሎኖቹ ብዛትና አቀማመጥ፣ የመካከለኛው ቀዳዳ ስፋትና የቸርኬው ወደ ውስጥ መግቢያ ከመኪናው ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ።

4. ለውድድር ሜዳ የተሠሩ፣ ጥርሳቸው እምብዛም የሆኑ ጎማዎችን በሕዝብ መንገድ ላይ አለመጠቀም። እነዚህ በደረቅ መንገድ አጥብቀው ቢይዙም በዝናብ እጅግ አደገኛ ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ ከተገለጸ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ተበራክተዋል። እነዚህ መኪናዎች ባትሪያቸው ስለሚከብድና ጉልበታቸውን ገና ሲነሡ ስለሚሰጡ በጎማ ረገድ እንደ ስፖርት መኪና መታየት አለባቸው። ጎማ ሲቀየርም ልኩ ብቻ ሳይሆን የመሸከም አቅሙ ሊረጋገጥ ይገባል። ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው 91 የሚል ቁጥር አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ግራም፣ 95 የሚለው ደግሞ 690 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል ያመለክታል። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ፊደል የፍጥነት ጣሪያ ነው፤ «ኤች» 210፣ «ቪ» 240፣ «ደብሊው» 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ይህ የጎማው ጥንካሬ መለኪያ እንጂ የማሽከርከር ፈቃድ አይደለም።

የጎማውን ዕድሜ ሲያነቡ የዘመን አቆጣጠሩን ይለዩ

ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፤ ፀሐይና ሙቀት ላስቲኩን ያደርቁታል። የተሠራበት ጊዜ በጎኑ ላይ «ዲ.ኦ.ቲ» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ባለ አራት አኃዝ ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያሳያሉ።

እዚህ ላይም እንደ ወቅቱ ስያሜ ሁሉ የሚያሳስት ነገር አለ። ዓመቱ የተጻፈው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ 4017 የሚል ጎማ የተሠራው በ2017 40ኛ ሳምንት፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በ2017 ዓ.ም. ይህን ጎማ የገዛ ሰው «የዘንድሮ ነው» ብሎ ቢያስብ የ7 ዓመት ጎማ በአዲስ ስም ወስዷል ማለት ነው። በርካታ አምራቾች ጎማ ከ5 ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ጥርሱ ቢኖርም ከተሠራ 10 ዓመት ካለፈው እንዲወገድ ይመክራሉ። እንደ ከሚሴ ባለ ሞቃት አካባቢ ከዚያም ቀደም ብሎ መቀየር ብልህነት ነው። በመጋዘን ወይም በደጅ ፀሐይ ላይ የቆየ ስኮርታ ጎማም በዚሁ ሕግ ይዳኛል።

ንፋስ፣ ከፍታና ሙቀት

የጎማ ንፋስ የሚለካው ጎማው በቀዘቀዘበት ሁኔታ፣ በተለይም ጠዋት ከመነሣት በፊት ነው። ትክክለኛው መጠን በአብዛኛው በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

ከደብረ ብርሃን ወደ ከሚሴ ሲወረድ የአካባቢው የአየር ግፊት ስለሚጨምር ከፍታው ብቻውን የመለኪያውን ንባብ ወደ 2 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ዝቅ ያደርገዋል። የቆላው ሙቀትና የጉዞው መጋል ግን በተቃራኒው ከፍ ያደርጉታል። በመሆኑም ከሚሴ ደርሶ ገና ትኩስ በሆነ ጎማ ላይ ለክቶ «በዝቷል» በማለት ንፋስ ማስተንፈስ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ጎማው ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናል። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፤ በቆላ መንገድ ላይ ከሚፈነዱ ጎማዎች ብዙዎቹን ለዚህ የሚዳርጋቸውም ይኸው ነው። በአንድ ቦታ የሚያድር ሰው በማግሥቱ ጠዋት ለክቶ ቢያስተካክል ይበቃል።

ከዝናቡ በፊት የሚደረግ ምርመራ

የተሽከርካሪ ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ተደርጎ ቦሎ መለጠፉ ጎማው እስከሚቀጥለው ዓመት ደኅና ነው ማለት አይደለም። በረዥም መንገድ የሚሠራ ጎማ በጥቂት ወራት ውስጥ ሊያልቅ ስለሚችል ባለንብረቱ በበልግና በክረምት መግቢያ ላይ ራሱ እንዲመረምር ይመከራል።

የአዲስ አውቶሞቢል ጎማ ጥርስ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። በቦዮቹ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ ጋር እኩል ሲሆኑ 1.6 ሚሊ ሜትር ቀርቷል ማለት ነው፤ ይህ በብዙ አገሮች የመጨረሻው ሕጋዊ ወሰን ነው። ለዝናብ ግን እስከዚያ መጠበቅ አይገባም፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቀየር ይመከራል። መለኪያ የሌለው ሰው የክብሪት እንጨት በቦዩ ውስጥ አስገብቶ የደረሰበትን በጥፍሩ ምልክት በማድረግ በተማሪ ማስመሪያ ሊለካው ይችላል። ልኬቱ በጎማው ውስጠኛ፣ መካከለኛና ውጫዊ ክፍል መደገም አለበት። አንዱ ጎን ብቻ ካለቀ የጎማ አቀማመጡ ስለተዛባ አዲስ ከመግጠም በፊት ሊስተካከል ይገባል።

ሁለት አዲስ ጎማዎችን ብቻ የሚገዛ ሰው ከኋላ ቢገጥማቸው ይሻላል። የፊት ጎማ ሲንሸራተት መኪናው ከመታጠፍ ይልቅ ወደፊት ይሄዳል፤ ይህንንም ፍጥነት በመቀነስ መቆጣጠር ይቻላል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይሽከረከራል፤ እንደ ጣርማ በር ባለ ጠመዝማዛ ላይ ከዚያ መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በአንድ አክስል ላይ የብርድና የሙቀት ጎማ አቀላቅሎ መግጠምም ተመሳሳይ አደጋ አለው።

በአጠቃላይ ጎማ ለመግዛት ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ለሻጩ ሊያቀርበው የሚገባው ጥያቄ «የበጋ ነው ወይስ የክረምት?» የሚል አይደለም። ይልቁንም «ለምን ያህል ሙቀት የተሠራ ነው? በእርጥብ መንገድ እንዴት ይይዛል? መቼ ተሠራ? ምን ያህል ይሸከማል?» ብሎ ይጠይቅ። በእነዚህ አራት ጥያቄዎች የተመረጠ፣ ንፋሱ የተጠበቀና በወቅቱ የተቀየረ ጎማ የጨፋን ሐሩርም ሆነ የጣርማ በርን ዝናብ ይችላል። አሽከርካሪውን፣ ተሳፋሪውን፣ ከብቱን ይዞ መንገድ የሚሻገረውን እረኛም ወደየቤቱ በሰላም ያደርሳል።

መልካም ጉዞ!